ቤቱ የሕዝብ፣ ሻጋታው የእኔ

ሐምሌ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.
ድሬዳዋ፣ መጋላ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ቢሮ ካሉ በቢሮዎ፣ ስብሰባ ላይ ካሉም በሰሌዳው ላይ

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ግድግዳ ነጭና ደረቅ፣ ትንፋሽዎም እንደ ረቡዕ ንግግርዎ ረጅምና ያልተቆራረጠ እንዲሆንልዎ፣ ልጆችዎም በምትኖሩበት በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አንዲት ሳል ሳያስሉ አድረው እንዲነሱ ያለኝን ከልብ የመነጨ ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። የእኛን ደህንነት የጠየቀን ባይኖርም ደንቡ ስለሆነ እኛም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሆኖም ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እያሳለች ስለሆነ በፊቷ ውሸት መጻፍ አሳፈረኝና ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ከመላክ ይልቅ በቀበሌው በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት የተለየ ድፍረት ኖሮኝ እንዳይመስልዎ። ባለፈው ረቡዕ በውይይት ክበባችን ተነስተው፣ ሂስ የሰፊው ሕዝብ መብት እንደሆነ፣ ቅሬታ ያለው ሰው በየጥጉ ከሚያንሾካሹክ ጽፎና ስሙን አስፍሮ በሰሌዳው ላይ እንዲለጥፍ በሚያምር አነጋገር ስለመከሩን፣ ምክርዎን እንደ ትእዛዝ ተቀብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድም ከሥራ ስመለስም ሰሌዳውን ሳየው፣ ከስኳር ዕደላው ማስታወቂያ በቀር ምንም የተለጠፈበት ነገር የለም። ከዚህ የተረዳሁት በቀበሌያችን ቅሬታ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ነው። ሌላው ሕዝብ ደስ ብሎት ይኖራል ማለት ነው፤ እሰየው።

ስሜ የሺአረግ ገብረ መድኅን ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ድሬ ነው። ሥራዬ ታይፒስትነት ነው፤ የሰዎችን አቤቱታና የአለቆችን መልስ በታይፕ ስመታ ዐሥራ ምናምን ዓመት ስላለፈኝ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ጨፍኜ መምታት እችላለሁ። ባለቤቴ ከባቡሩ ጋር ወደ ጅቡቲ ስለሚመላለስ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ይህን ደብዳቤም አላየውም፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ነገር ቢኖር እኔን ብቻ እንድትጠይቁ እለምናለሁ። አብራኝ የምትኖረው አንዲት ልጄ ናት፤ ስሟ ማዘንጊያ ነው። ይህን ስም ያወጣሁላት ከእሷ በፊት የወለድኩትን ወንድሟን በቀበርኩ በዓመቱ ስለተወለደች ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ለጌጥ አይወጣም። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው።

የምንኖርባት ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ጋር ጀርባ ለጀርባ የተያያዘች ናት። ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ በፊት የሐጂ ዐብዱላሂ ነበረች። እሳቸው አሁን ከባለቤታቸው ከአዴ ዳሃቦ ጋር በእኛው ግቢ ማዶ፣ አዋጁ በተወላቸው ክፍል ይኖራሉ። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ አከራዬ ቀበሌው፣ ማለትም ሕዝቡ፣ ማለትም እርስዎ ሆነዋል። አንድ ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለ ግድግዳው አቤት ስል፣ እኔም የሕዝቡ አካል ስለሆንኩ የገዛ ራሴ አከራይ እንደሆንኩ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ቤቱን የሠራው አድኃሪ ስለነበረ ሻጋታው የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ እንደሆነና ከጊዜ ጋር እየከሰመ እንደሚሄድም ጨምረው ነግረውኛል። እኔ ያልተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ርዝራዡ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አብሮ ሲያድግ ነው የማየው።

እንግዲህ ምስጋናዬ እንዳይዘበራረቅብዎ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ. ስለ መስኮቱ። የውስጠኛው ክፍላችን አንድ መስኮት ነበረው። ወደ ቀበሌው ግቢ የሚያይ በመሆኑ በ1970 የጥበቃ ጓዶች መጥተው በብሎኬት ደፈኑት፤ ምክንያቱን ስጠይቅ የጸጥታ ጉዳይ ነው ተባልኩ። በዚያ መስኮት በኩል ምን ይታይ እንደነበረ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሰሌዳው ደግሞ ጠባብ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው መከራ ከማየት ስለገላገላችሁኝ ባለውለታዎቼ ናችሁ። ድሬዳዋ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ላስረዳ ያህል፣ በግንቦት ወር እዚያ ክፍል ያስቀመጡት ቅቤ ማንም ሳያነጥረው ይፈስሳል። ያን ጊዜ የምናማርረው ሙቀቱን ብቻ ነበር፤ ደረቅ ሙቀት የእግዜር ቸርነት እንደሆነ ገና አልገባንም ነበር።

2ኛ. ስለ ውሃው። አምና የሕዝቡን የውሃ ችግር ለመፍታት በተደረገው ጥረት የቀበሌያችን ቦኖ ተተከለ፤ ቦታውም እኔን ለመጥቀም ታስቦ መሰለኝ ከውስጠኛው ክፍሌ ግድግዳ ሥር ሆነ። ለውሃ ቅርብ በመሆኔ የቀኑብኝ ሰዎች አሉ። ከባልዲው ተርፎ ለሚፈስሰው ውሃ መሄጃ ቦይ እንደሚቆፈርለት ተነግሮን፣ ለቁፋሮውም አንድ እሑድ ተቀጥሮ ነበር፤ ያን እሑድ ግን ሰልፍ ሆነ። የሚቀጥለውም እሑድ ሰልፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስለ ቦዩ ያነሳ የለም፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ወደ እኔ ቤት መጣ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ግድግዳው ቀዝቀዝ ሲል ደስ ብሎን ነበር። ማዘንጊያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጀርባዋን ለጥፋበት ትስቅ ነበር፤ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከወለሉ ከፍ ብሎ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ። ጠረግኩት፤ ተመለሰ። በበረኪና አጠብኩት፤ ሰፍቶ ተመለሰ። አልጋውን ከግድግዳው ሳሸሸው ወደ ኮርኒሱ ወጥቶ ከበላያችን ሆነ። ፍራሹ ከሥሩ ጠቁሮ ተገኘ፣ የልጄ የትምህርት ቤት ጫማ አረንጓዴ ፀጉር አበቀለ፣ የሠርግ ቀሚሴም ከሻንጣ ስትወጣ እንደ ሰነበተ ዳቦ ሸተተች። እንጨት በጥላ ሥር ተቀምጦ በሚሰነጠቅበት በዚህ አገር፣ እኔ ቤት ብቻ ደጋ ሆነ።

3ኛ. ስለ ምርመራው። ደጋግሜ አቤት በማለቴ የቤት ጉዳይ ኃላፊውን ጓድ ተሰማን ልከውልኛል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ቢሮዎ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከልጄ ጋር ብዙ ተቀምጠናል። እርስዎ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ፤ ከስብሰባው ሲወጡ ሴሚናር ይኖርብዎታል። ማዘንጊያ ባሳለች ቁጥር ጸሐፊዎ የሻይ ብርጭቆዋን ወዲያ እያራቀች በክዳን ትሸፍነው ነበር፤ ንጽሕናዋን አደንቃለሁ።

ጓድ ተሰማ ቤቴ ገብተው ግድግዳውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አሸተቱ፣ ከዚያም በመጋረጃዬ ጠረጉት። ድሬዳዋ ደረቅ አገር ስለሆነ ሻጋታ የሚባል ነገር ሊኖርባት እንደማይችል፣ ይህ የማየው ነገር የላምባ ምድጃ ጥላሸት እንደሆነ ነገሩኝ። ምድጃዬ ደጅ መሆኑን ወስጄ ባሳያቸው ጊዜ ደግሞ፣ ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ እርጥበት ስለሚፈጥር ጥፋቱ የተከራዮቹ ትንፋሽ ነው አሉ። ክፍሉን የዘጋው ማን ነው ስላቸው፣ መስኮቱ የጥበቃ ጉዳይ እንደሆነ፣ ቦኖው የውሃ ኮሚቴ እንደሆነ፣ ሳሉ የጤና ጣቢያ እንደሆነ፣ እሳቸው ኃላፊነታቸው ግድግዳው ላይ እንደሆነና ግድግዳው ደግሞ እንደቆመ መሆኑን አስረዱኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግድግዳው አልወደቀም።

ሲወጡ በራፉ ላይ ቆመው ፍርዱን ሰጡ። ቤቱ የሕዝብ ነው፤ ሻጋታው ግን በአያያዝ ጉድለት የመጣ ስለሆነ የተከራይዋ ነው። የግል ንብረት በተነወረበት በዚህ ዘመን ይህን ያህል ስፋት ያለው ሻጋታ በስሜ ስለጸናልኝ ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ትርፍ ሻጋታ ለመንግሥት ይሁን የሚል አዋጅ የወጣ ዕለት፣ ያለ አንዳች ካሣ የመጀመሪያዋ አስረካቢ እንደምሆን ከወዲሁ ቃል እገባለሁ።

4ኛ. ስለ ክፍሉ። በሙቀቱ ወራት እንደማንኛውም የድሬ ሰው አልጋችንን ግቢ አውጥተን አደርን። እርስዎና ጓድ ተሰማ ከደጋ ከመጣችሁ ብዙ ስላልቆያችሁ ባታውቁት አይፈረድባችሁም እንጂ፣ በዚህ ከተማ ሰኔ ሲሞቅ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከቤተሰቡ ተኳርፏል። ጓድ ተሰማ በማለዳ ሲያልፉ አልጋውን ደጅ፣ የውስጠኛውን ክፍል ባዶ ስላገኙት፣ ማንም የማይኖርበት ትርፍ ክፍል ነው ብለው አመለከቱ። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል የሚዘጋጁት መፈክሮችና ፎቶግራፎች ማስቀመጫ እንዲሆን መወሰኑንም ከስኳር ሰልፉ ላይ ሰማሁ።

የሕዝብን ጥቅም የሚቃወም ሐሳብ የለኝም። ብቻ እንደ አንዲት ተቆርቋሪ ዜጋ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ቀይ ጨርቅ በዚያ ክፍል ጥቂት ሳምንት ከሰነበተ የሚያወጣው ቀለም ቀይ አይደለም፣ ፎቶግራፍም ከተቀመጠ ፊቱ ላይ ምን እንደሚበቅል አስቀድሞ ማሰብ ለቀበሌያችን ይበጃል። ለእኔና ለልጄ የውጪው ክፍል ይበቃናል ተብሏል። ሻጋታው ግን የእናንተን ውሳኔ አልሰማም መሰለኝ፣ በመሀሉ በር ሥር አልፎ ወደ ውጪው ክፍል መምጣት ጀምሯል። አሁን ዝናቡ ስለገባ ደግሞ ደጅ ማደር ቀርቷል።

5ኛ. ስለ ልጄ። እስካሁን ስቀልድ የቆየሁት እዚህ ላይ ላለመድረስ ነው።

ማዘንጊያ ከጥር ጀምሮ ታስላለች። ሳሉ መጀመሪያ የጉንፋን ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯም አንዳንድ ጊዜ ቀለሙን ይቀይርብኛል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ሐኪሙ ጀርባዋን አዳምጦ የት እንደምትተኛ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከዚያ ሽሮፑን እየሰጠኝ፣ እህቴ ይህ ሽሮፕ መድኃኒቷ አይደለም፣ ከዚያ ክፍል አውጫትና አየር ስጫት አለኝ። እኔም ማዘዣውን ይዤ ወደ እናንተ መጣሁ፤ ቢሮዎ ግን አየር የሚያድል ክፍል የለውም።

ልጄ በቀበሌው የሕፃናት ኪነት ቡድን ውስጥ ትዘምር ነበር። ድምፅዋ ጥሩ ነው፤ እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፣ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ለሚያዝያው የላብ አደሮች በዓል ሲለማመዱ በመዝሙሩ መሀል ስላሳለች ሥነ ሥርዓት የላትም ተብላ ወጣች። ቤት መጥታ አላለቀሰችም። ማታ ማታ ጥግ ላይ ቆማ ያንኑ መዝሙር ለብቻዋ ስትለማመድ አያታለሁ፤ ስንኙ እስኪያልቅ ትንፋሿን አምቃ ትይዘዋለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት፣ ጥቂት ጥቂት ብቻ ከተነፈሰች እንደማያስላት፣ እኔም ሳል ሰምቼ እንዳልደነግጥ እየሞከረችው እንደሆነ ነገረችኝ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህን የሰማች እናት ምን ትሁን? ፈርቻለሁ። አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ፤ ሬሳው ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ክንዴ እስካሁን ያውቀዋል። ሁለተኛውን ለመሸከም የሚሆን ክንድ የለኝም።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ነገሩ ስለ ሰው ነውና በቁጥር አልገባ አለኝ። ሐጂ ዐብዱላሂ ቤቱ የእሳቸው በነበረበት ዘመን ረመዳን ሊገባ ሲል የግቢውን ክፍሎች በሙሉ፣ የእኛን የክርስቲያኖቹንም ጭምር፣ በኖራ ይቀቡ ነበር። ኖራውን ጨው ጨምረው በባልዲ በጥብጠው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው የሚቀቡት ራሳቸው ነበሩ። ሠራተኛ ስለማይቀጥሩ ንፉግ ናቸው ይባል ነበር፤ እውነትም ሳይሆን አይቀርም። ከአዋጁ ወዲህ ግን ባልዲው ተገልብጦ ተቀመጠ። በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ግቢው መሀል ቆመው ግድግዳዎቹን በየተራ ሲያዩ እናያቸዋለን፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ።

ዘንድሮ የልጄን ሳል ከግቢው ማዶ ሲሰሙ ከረሙ። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ባልዲያቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው ከደጃፌ ቆመው አገኘኋቸው። የገዛ እጃቸው በሠራው ቤት ጫማቸውን አውልቀው እንደ እንግዳ አስፈቅደውኝ ገቡ። ሐጂ ይቅርብዎ፣ ሰው ያይብዎታል ብዬ ብለምናቸው፣ አብሽሪ ልጄ፣ ኖራ ፖለቲካ አያውቅም አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሲነግዱ እምብዛም ተሳስተው አያውቁም፤ በዚህ ግን ተሳሳቱ።

የጥበቃው ጓድ ግቢው ላይ የተንጠባጠበውን ነጭ ተከትሎ መጣ። የቀድሞ አከራይ በሕዝብ ቤት ላይ የባለቤትነት ምልክት ሲያደርግ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ተባለ፤ ቤት ለማስመለስ መዘጋጀት የሚል ስምም ወጣለት። ለምን ቀቡ ተብለው ሲጠየቁ ልጅቷ ስለምታስል ነው አሉ። ማን አዘዘዎት ሲባሉ ሳሉ አሉ፤ ይህም በመርማሪው ላይ እንደማሾፍ ተቆጥሮባቸዋል። ይኸው ረመዳኑን በቀበሌው እስር ክፍል ተዘግተው እየጾሙ ነው። አዴ ዳሃቦ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማፍጠሪያ ቴምርና ሾርባ ይዘው በርዎ ላይ ይቆማሉ፤ አንዳንድ ቀን ይገባላቸዋል፣ አንዳንድ ቀን ሾርባውን ይዘው ይመለሳሉ። የተመለሰውን ሾርባ ለማዘንጊያ ይሰጧታል። እኔ ያን ጊዜ ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል።

የቤቱ የቀድሞ ስም አለመረሳቱ ወንጀል ከሆነ፣ ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ የተለጠፈውን የስኳር ማስታወቂያ እንዲመለከቱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዕደላው ከሐጂ ዐብዱላሂ ግቢ ፊት ለፊት እንደሚካሄድ ይገልጻል፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማና የቀበሌው ማኅተም አለበት። ማኅተሙ ያልረሳውን ነገር የሽማግሌው እጅ ቢያስታውሰው ይህን ያህል ያስከፋል?

እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። በሕግ የቤቱ ጌታ እርስዎ ነዎት፤ ባልዲ ይዘው የመጡት ግን እሳቸው ናቸው። አዋጁ ቤቱን ከእሳቸው ወስዶ ለእርስዎ ሲሰጥ የባለቤቱን ጭንቀት አብሮ ማስረከብ ረስቶት፣ ቤቱ እርስዎ ጋ፣ ጭንቀቱ እሳቸው ጋ ቀረ። እኔ ቤቱ ይመለስላቸው አላልኩም፤ አዋጁንም አልነቀፍኩም፤ በወጣ ጊዜ አደባባይ ወጥተው እልል ካሉት አንዷ ነኝ። ያልኩት ቤት የወሰደ ሰው ቤቱን ይይ ነው። የቤት ጌታ መሆን ግድግዳ ሲበላሽ ማፈር ነው፤ ሐጂ ዐብዱላሂ አፈሩና ታሰሩ፤ ያላፈረ ሰው ደግሞ አሳሪ ሆነ።

ለነገሩ ኖራውም አልጠቀመንም። ውሃው ከሥር እየመጣ፣ አየሩ ከላይ ተዘግቶ፣ ሻጋታው በነጩ ላይ አምሮበት ተመልሷል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም ከአንጀቴ ሆኜ የምለምንዎት ትልቅ ነገር አይደለም። ሌላ ቤት ይሰጠኝ አላልኩም፣ ከሰው ነጥቃችሁ ስጡኝም አላልኩም። ውሃው መሄጃ ይቆፈርለት፤ አካፋውን እኔ እይዛለሁ፣ የግቢው ሰዎችም ይወጣሉ። መስኮቱ ይከፈት፤ ጸጥታው የሚያሰጋ ከሆነ መጋረጃ እሰፋለታለሁ፣ ወደ ግቢያችሁም ላላይ እምላለሁ። ሽማግሌውም ለዒዱ ቤታቸው ይግቡ፤ ባልዲውን ከፈለጋችሁ እናንተው ጋ ይቆይ።

ውድ ጊዜዎን ወስደው፣ በፀሐይ ላይ ቆመው፣ ከሰሌዳ ላይ ይህን ያህል ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ ለሚቀጥለው ረቡዕ ንግግርዎ ጉሮሮዎ ጤና እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታና ከማያቋርጥ ሳል ጋር ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀበሌዎ ታዛዥ ነዋሪና በጓድ ተሰማ ውሳኔ የሻጋታው ሕጋዊ ባለቤት፣
የሺአረግ ገብረ መድኅን
የማዘንጊያ እናት

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ጓድ፣ ስለ መስኮቱ
ለውሃ ኮሚቴ፣ ስለ ቦኖው
ለቤት ጉዳይ ክፍል፣ ስለ ግድግዳው
ለላይኛው ጌታ፣ ስለ ልጄ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ማዘንጊያን ሳል ያዛት፤ እንዲህ ይዟት አያውቅም። ትንፋሽ አጥሯት ሁለት እጇን ዘርግታ ስታየኝ፣ መልስዎን መጠበቁ አልሆነልኝም። ሰዓቱ ከተማው በር ዘግቶ የሚተኛበት የቀትር ሰዓት ስለነበረ ጥበቃችሁም በጥላው ሥር ተጋድሞ እያንኮራፋ ነበር። ዘነዘናዬን አንስቼ የውስጠኛውን ክፍል መስኮት አፈረስኩት። በሲሚንቶ የተገነባ መስሎኝ ስንቱን ቀን ፈርቼው ኖሬ ነበር፤ ለካስ ብሎኬቱ የተያያዘው በጭቃ ኖሮ በጥቂት ምት ለቀቀ። ለዚያ መስኮት ተብሎ የወጣው ሲሚንቶ የማን ቤት ውስጥ እንደገባ የምጠይቅ ሴት አይደለሁም። ሲከፈት ሐጂ ዐብዱላሂን ከማዶ በእስር ክፍሉ ፍርግርግ ውስጥ አየኋቸው፤ ከስተዋል። መስኮቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ነፋስ ገባ። ልጄን ከነፋሱ ሥር አስተኛኋት፤ አዴ ዳሃቦ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ከተኛች ወዲህ አላሳለችም። ስለዚህ እኔን ለመውሰድ የምትልኳቸው ጓዶች በሩን ቀስ ብለው እንዲያንኳኩ በትሕትና እለምናለሁ።